ለነርስ የሚሆን የመጀመሪያ ደህና ሰዓት፣ እስከ 120 ዶላር፦ የትኛውን ላስመጣ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ሥራ እጀምራለሁ። ወንድሜ ለበዓል ከዱባይ ይመጣል፤ እስከ 120 ዶላር የሚያወጣ አንድ ሰዓት እንዲይዝልኝ ልነግረው ነው። የእጄ አንጓ ዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ነው። የልብ ምት ስለምቆጥርበት የሰከንድ ቆጣሪ የግድ ያስፈልገኛል። እጄን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታጠብ አትጠይቁኝ። ሌሊት ተረኛ ስሆን በጨለማ ቢነበብልኝም ደስ ይለኛል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «አውቶማቲክ ግዢ፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ (ሰዓት ሠሪ)

እህቴ፣ አውቶማቲኩን ለሁለተኛ ሰዓትሽ አቆዪው። የሚሞላው በእጅሽ እንቅስቃሴ ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም መባሉ ልክ ነው፤ ግን ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱ በዓመታት ውስጥ ሲደርቅ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና መቀባት አለበት፤ ርካሽ አውቶማቲክ ላይ ደግሞ የእጅ ዋጋው ወደ ሰዓቱ ዋጋ ይጠጋል። አሁን ሴይኮ 5 በሚባለው የታወቀ አውቶማቲክ ሰዓት ውስጥ በብዛት የሚገባው 4አር36 የሚባለው ሞተር በፋብሪካው መለኪያ በቀን እስከ 45 ሰከንድ ሊቀድም ወይም 35 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ሲበዛ በሳምንት ከ5 ደቂቃ በላይ ነው፤ ብልሽትም አይባልም። በተጨማሪ አውልቀሽ ካስቀመጥሽው 41 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይቆማል። ሁለት ቀን ዕረፍት ወጥተሽ ስትመለሺ እንደገና መሙላት ነው።

ባለ ባትሪው ወይም በብርሃን የሚሠራው ኳርትዝ ግን ስህተቱ በወር 20 ሰከንድ አካባቢ ነው። ለሥራሽ የሚሻለው እሱ ነው። ቆጣሪው በየሰከንዱ ቁጭ ቁጭ ስለሚል ለልብ ምት ቆጠራም ይመቻል፤ የአውቶማቲክ ቆጣሪ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ መነሻና መድረሻውን በዓይን መያዝ ያስቸግራል።

የእኔ ምርጫ ሲቲዝን ኢኮ-ድራይቭ፣ ቢኤም8180 የሚባለው ነው። ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ15 ሴንቲ ሜትር አንጓ አይበዛም። የውኃ መቋቋሙ 100 ሜትር የተጻፈበት ነው፣ ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፣ በጨለማ ያበራሉ። ባትሪውን የሚሞላው ብርሃን ነው፤ ሙሉ ከሆነ ስድስት ወር ያህል ያለ ብርሃን ይቆያል። ዋጋው እንደ ሱቁ ይለያያል።

«30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ስታዪ ጠልቆ መዋኘት የሚችል አይምሰልሽ። ሰዓቱ ቆሞ የተፈተነበት ግፊት ነው፤ በተግባር የእጅ መታጠቢያ ጠብታ ይችላል ማለት ነው። እንዳንቺ ቀኑን ሙሉ ውኃ ለሚነካ ከ50 በታች አልመክርም፣ 100 ከሆነ እፎይ ነው። ውኃ የገባባቸው ሰዓቶች ሲከፈቱ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ሰዓቱ የሚሞላበት የጎን ማዞሪያ ተስቦ ሳይመለስ ቀርቷል፣ ወይም ባትሪ ሲቀየር የጀርባ ክዳኑ ጎሚኒ ተጣሟል። ከመስታወቱ ሥር ጭጋግ ካየሽ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ሩዝ ውስጥም አትቅበሪው፤ በዚያው ቀን ይከፈት። ዝገቱ የሚጀምረው ከጥቃቅኖቹ ጥርሶች ነው።

መልስ

ሰዓት ሠሪው ባለው እስማማለሁ፣ ግን 120 ዶላር ሙሉውን ለሥራ ሰዓት ለምን? ካሲዮ ኤምኪው-24 ባለ ሦስት ቆጣሪ ነው፤ የፕላስቲክ ስለሆነ ክንድ ላይ አይሰማም፣ ዋጋውም የበጀትሽን ሩብ አይደርስም። ቢሰበር አያስለቅስም። ድክመቱ ሁለት ነው፤ በጨለማ አያበራም፣ ውኃ መቋቋሙም ለጠብታ ያህል ብቻ ነው። የፕላስቲክ መስታወቱ ቶሎ ይጫራል፣ ግን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ብታሺው ይመለሳል። ይህ ዘዴ ለፕላስቲክ ብቻ ነው፤ እውነተኛ መስታወት ላይ ብትሞክሪው ድካም ነው ትርፉ።

መልስ

ስለ መስታወት ከተነሳ፦ ቢኤም8180 ላይ ያለው ተራ የማዕድን መስታወት ነው። አቧራ ውስጥ ያለው ጥቃቅን አሸዋ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን የማዕድን መስታወት 6 እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሰዓትሽ አንድም ቀን ሳይወድቅ ጭረት የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ አቧራ ያለበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጊው አሸዋውን እየፈጨሽበት ነው። መጀመሪያ በውኃ ለቅለቅ፣ ከዚያ ጥረጊ። ሳፋየር የሚባለው የሰዓት መስታወት 9 ስለሆነ አሸዋ አይደፍረውም፣ ግን በዚህ ዋጋ «ሳፋየር» የሚል ስም የለሽ ሰዓት ብታገኚ ገንዘቡን ከሌላው ዕቃ ላይ ቆርጠውታል ማለት ነው።

መልስ

ከመግዛትሽ በፊት የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ። ከክርን በታች ምንም ነገር እንዳይደረግ የሚከለክሉ ክፍሎች አሉ። ከተከለከለ የሚያስፈልግሽ ደረት ላይ የሚሰካው ነው፤ ይህ ሁሉ ምክር ለቤት ይሆናል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ጠይቄ ነበር፣ እኔ የምመደብበት ክፍል ይፈቀዳል። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፦ እኔ የምሞላው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ላይ ቀኑ መቼ ነው የሚቀየረው?

መልስ (ሰዓት ሠሪ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቀን መቀየሪያው ተሰብሮ የሚመጣ ሰዓት አንዱ መነሻው ይኸው ነው።

የቀኑ ቁጥር የሚያልፈው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፣ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ። በእኛ ከሞላሽ ያ 12 ወይ የጠዋቱ ነው ወይ የማታው፤ የትኛው እንደሚሆን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የጠዋቱን አድርጊው፣ አለዚያ ገና ማታ 12 ላይ የነገውን ቀን ያሳይሻል። አሞላሉ እንዲህ ነው፦ ማዞሪያውን እስከ ሁለተኛው ቀጭታ ሳቢና ቀኑ እስኪያልፍ ወደ ፊት አዙሪ። ቀኑ ያለፈበትን «ጠዋት 12» ብለሽ ያዢ። አሁን ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ በቀጥታ ወደ 8 ሂጂ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ ግን አንድ ጊዜ 12ን አልፈሽ (በዚህኛው ቀኑ አይቀየርም) 3 ላይ አቁሚ።

አሁን ዋናው። ቀኑን ብቻ በፍጥነት የሚቀይረው የመጀመሪያው ቀጭታ ነው። ቆጣሪዎቹ ቀን ለመቀየር በሚዘጋጁበት ሰዓት ያንን አትንኪ። ከመቀየሩ ሦስት ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ ጥርሱ የቀኑን ዲስክ ነክሶ ይይዛል፤ በግድ ስትገፊው ይሸረፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሞላ ሰው ይህ በእንቅልፍ ሰዓት ያልፋል። አንቺ ዘንድ ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆናል፤ ማለትም ልክ ለብሰሽ ስትወጪ፣ «ኧረ ቀኑ ተሳስቷል» ብለሽ የምታስተካክይበት ሰዓት! ስለዚህ መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን 6 ላይ አምጪ፣ ቀኑን የትናንቱ ላይ አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ፊት እያዞርሽ ቀኑን አሳልፊና ሰዓቱን ሙይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ሰዓትሽ እስከ ንጋት የትናንቱን ቀን ነው የሚያሳየው። መዝገብ ላይ ቀን ስትጽፊ ከሱ አትገልብጪ።

መልስ

በዚያ ላይ የቀን ዲስኩ እስከ 31 ይቆጥራል። በፈረንጅ ቀን ከተጠቀምሽ በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ማስተካከል ነው። በእኛ ከሆነ ግን ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በየወሩ 31ን መዝለል አለብሽ፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ሲያልቅ ደግሞ እስከ 1 ድረስ ጠቅላላ ዲስኩን ማዞር። በዓመት 13 ጊዜ! እኔ ብሆን ቀን የሌለውን እገዛ ነበር።

መልስ (ከዱባይ)

ወንድምሽ ሱቅ ውስጥ ይህን ይይ። ኢኮ-ድራይቩ ላይ ቆጣሪው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ ከሄደ አልተበላሸም፤ ሳጥን ውስጥ ስለቆየ ብርሃን ርቦታል። ሻጩን መብራት ሥር እንዲያስቀምጠው ይጠይቅና በየሰከንዱ መምታት ሲጀምር ይግዛ። ማዞሪያው ሁለቱንም ቀጭታ ወጥቶ አጥብቆ ይመለስ። የዋስትና ካርዱ ላይ የሱቁ ማኅተምና ቀን ይኑር። የሴይኮ 5 ሳጥን ላይ ዓይኑ ካረፈ ደግሞ የሳምንቱ ቀን በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ሆኖ ሲያየው ፎርጅድ እንዳይመስለው፤ ለዚህ አገር ገበያ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ዲጂታሉ ካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ ካማረው የቀኙን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ይጫን፤ የካሲዮ ስም ካልወጣ ፎርጅድ ነው። ስለወጣ ብቻ ግን ኦሪጅናል ነው አይበል፣ ኮፒዎቹም ተምረውታል።

መልስ (ሰዓት ሠሪ)

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። ቢኤም8180 የሚመጣው በጨርቅ ማሰሪያ ነው፤ ውኃ ይዞ ይውላል፣ ይሸታል፣ ለታካሚም ንጹሕ አይደለም። ቆዳም በአልኮል ጄል ይደርቅና ይሰነጠቃል። ወንድምሽ እዚያው ባለ 18 ሚሊ ሜትር የሲሊኮን ማሰሪያ ይያዝልሽ። ሌላው፣ ከዓመታት በኋላ ባትሪው ቢደክም ተራ የሰዓት ባትሪ እንዳያስገቡልሽ። ውስጡ ያለው ከብርሃን የሚሞላ ልዩ ባትሪ ነው፤ በቦታው ተራው ከገባ ሰዓቱ ሊሞላው ሲሞክር ሊፈነዳ ወይም ፈሶ ሞተሩን ሊበላው ይችላል። «በየትኛው ባትሪ ልትቀይረው ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ያለ ማመንታት ካልመለሰልሽ ሰዓትሽን አትስጪው።