ጥቆማ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምሳ፤ ከጊቢ ወጥቶ፣ ካፌ ወይስ ምሳ ዕቃ?

የ9ኛ ክፍል እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልጄ ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ መውጣት ይፈቅዳል፤ የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ልፈርምለት? ወይስ የጊቢው ካፌ ይሻላል? ከቤት ልቋጥርለት? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ዝናቡ፦ እንዳትፈርሚ። የእኔን ልጅ ምሳ በልታ ስትመለስ ሞተር ገጭቷታል። ምግቡ ዘግይቶባት ደወል እንዳያመልጣት እየሮጠች ነበር። እግሯ ተሰብሮ ስንት ጊዜ ተኛች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በብዛት የሚገድለው የትራፊክ አደጋ ነው።

ማለዳ፦ ውይ! እንኳን ተረፈችልህ። ዜብራ ላይ ነው?

ዝናቡ፦ ዜብራ ላይ!

ማለዳ፦ ሞተረኛውስ ተያዘ?

ዝናቡ፦ ሐኪም ቤት ያደረሳት ራሱ ነው። አላመለጠም።

ኮከብ፦ ጥያቄው የምሳ ነበር። ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ገባን እንዴ?

ተማሪ_12፦ ለአንድ ሞተር ሲባል ሁላችንም ይዘጋብን? ካፌው ወረፋ የእረፍታችንን ግማሽ ይበላል።

ዝናቡ፦ «አንድ ሞተር» ያልከው የገጨው ልጄን ነው፣ ወንድሜ።

ተማሪ_12፦ ይቅርታ ጋሼ። እትዬ፣ ልጁን ራሱን ቢጠይቁትስ?

ማለዳ፦ ምሳ ዕቃ ግዢ፣ አለቀ። ባለ ቫኪዩም ብረቱን። የእኔ ልጆች እየተቀባበሉ ተማሩበት፤ ከሱ ሌላ አልገዛም።

ኮከብ፦ እሱ ያፈሳል። የልጄ ደብተር ዘይት በዘይት ሆኖ ነው የመጣው።

ማለዳ፦ በፍጹም አያፈስም! ክዳኑ ውስጥ ያለውን ጎማ አጥበሽ ስትመልሺው አጣመሽው ይሆናል።

ኮከብ፦ በደንብ ነው የመለስኩት። ያፈሳል።

ቲቸር፦ እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስይ። ከምሳ ሰዓቱ ላይ የመንገዱንና የወረፋውን ቀንሺ። ቁጭ ብሎ ለመብላት 20 ደቂቃ ካልተረፈው ውጭ መውጣቱ ሩጫ ነው፤ የዝናቡን ልጅ ያስቸኮላትም ይኸው ነው። ካፌውን በምሳ ሰዓት ሄደሽ እዪው። እጅ መታጠቢያው ውሃ አለው? ሳሙናስ? ልትቋጥሪ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን የፈላ ውሃ ሞልተሽ 10 ደቂቃ ያህል አቆዪው። ከዚያ ድፊውና ትኩሱን ምግብ ወዲያው ክደኚ። እስከ ምሳ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ የለበትም። በተራ ፕላስቲክ ዕቃ ግን የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ጠዋት ተቋጥሮ እስከ ምሳ ማለት ረጅም ነው። ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። የወጣውንና የተመለሰውን በር ላይ ይመዘግባሉ? ልጁ ከምሳ በኋላ ክፍል ባይገባ ማን ይደውልልሻል? መልስ ከሌላቸው እኔ አልፈርምም። ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ብቻ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

የ9ኛ ክፍል እናት፦ ተባረክ ቲቸር። መታወቂያ ያያሉ እንጂ ሲመዘግቡ አላየሁም፤ ነገ እጠይቃለሁ። ማለዳ፣ ያንቺ ምሳ ዕቃ ለጎረምሳ ይበቃል?

ማለዳ፦ ትልቁን ከገዛሽ ተርፎት ለጓደኛው ያካፍላል።

ኮከብ፦ ማለዳ፣ ያ ጎማ ለብቻው ይሸጣል እንዴ?