በአሮጌው የስምምነት ቅጽ የፈረሙ 23 እናቶች፦ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። በነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ላይ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት አስተባባሪ ነኝ። መረጃና የደም ናሙና የምንወስደው ከሁለት ጤና ጣቢያ ነው። ባለፈው ማክሰኞ በይርጋለም መንገድ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ እናቶቹ በጥናቱ ለመሳተፍ የፈረሙባቸውን ቅጾች ሳገላብጥ ግርጌው ላይ «እትም 1» ይላል። ክው አልኩ። እትም 2 ከጸደቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ብቆጥር 23 እናቶች፤ ዘጠኙ በአውራ ጣት የፈረሙ ናቸው።

ለውጡ የቃላት ማስተካከያ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ከአገር ለማውጣትም መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የእኛ ዳታ ውጭ አገር ባለ አጋራችን ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን በግልጽ የሚናገር አንቀጽ አስገቡ አለን። አስገባን፣ በሲዳምኛ አስተረጎምን፣ ጸደቀ። እኔም በኢሜይል ላክሁት። ዳታ ሰብሳቢያችን ግን እዚያ ኢንተርኔት እንደልብ አታገኝም፤ መሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ ብዙ የድሮ ኮፒ ነበራት። እሷን አልወቅስም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ጠርተሽ በአዲሱ አስፈርሚያቸው፣ የድሮውን ቀን ጻፊበት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ ቀን ወደ ኋላ እንዳትጽፊ! እኔ ለዓመታት የአይአርቢ (የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ) ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተሳሳተ ቅጽ መጠቀም በየጥናቱ ያጋጥማል፣ ይታረማልም። የተሳሳተ ቀን ግን ማጭበርበር ነው፤ ጥናቱን በሙሉ ያበላሻል።

ዛሬውኑ እዚያ ጣቢያ አዲስ እናት መመዝገብ አቁሚ። የድሮዎቹን 23 ቅጾች አትቅደጂ፣ አታርሚ፤ እንዳሉ ፋይል ይሁኑ። ከዚያ ዋና ተመራማሪው ለኮሚቴው የፕሮቶኮል ዲቪዬሽን ሪፖርት (ከጸደቀው አሠራር የወጣንበት ነገር አለ የሚል) ይጻፍ፦ ስንት ሰው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ እንዴት እንደተገኘ፣ እንዳይደገም ምን እንደተደረገ። እናቶቹ በድጋሚ ይጠየቁ ወይስ አይጠየቁ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴው ነው፣ አንቺ አይደለሽም። የእነሱ ዳታም እስኪወሰን ወደ ውጭ አይላክ።

ለወደፊቱ ኢሜይል ላይ አትተማመኚ። አዲስ እትም ሲጸድቅ ኮፒውን ይዘሽ ራስሽ ሂጂ፣ አሮጌውን ቆጥረሽ ተረከቢ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። እኔ ያየኋቸው ደህና የሚሠሩ ቡድኖች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ።

መልስ፣ ላብራቶሪ የምሠራ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ናሙናዎቹን ግን አትርሺ። የ23ቱ ቱቦዎች ፍሪዘር ውስጥ ካሉ በኮዳቸው ለይተሽ ለብቻ አስቀምጪ። ደሙ ራሱ ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የናሙና ዝውውር ስምምነቱ (ናሙናው ሲላክ ከተቀባዩ ጋር የሚፈረመው ውል) ከአዲሱ ቅጽ ጋር መግጠሙን እዪ። ቅጹ ተሻሽሎ ውሉ የድሮውን ሲል አይቻለሁ።

መልስ፣ የፒኤችዲ ተማሪ

ለውጡን መከታተል በጣም ይከብዳል። የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ማለትም በሰዎች ላይ ለሚደረግ የሕክምና ጥናት የወጣው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መርሕ፣ በጥቅምት 2017 ተሻሻለ፤ በጥናት የሚሳተፉ ሰዎችን በሙሉ «ተሳታፊዎች» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። የመልካም ክሊኒካል አሠራር መመሪያውም (የሕክምና ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ የሚናገረው) በዚያው ዓመት ታድሷል። እኔ በወሩ መጀመሪያ ሰኞ አንድ ሰዓት መድቤ የአገር ውስጡንም የገንዘብ ሰጪውንም መመሪያ አያለሁ፣ ያየሁትን ከነቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

ጠያቂ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሪፖርት አደረግን፤ ኮሚቴው እናቶቹ በድጋሚ እንዲጠየቁ ወሰነ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። ከ23ቱ 22ቱን አገኘን፤ አንዷ ለወሊድ እናቷ ጋ ሄዳለች። 21ዱ ፈረሙ። አንዷ አዲሱን አንቀጽ በሲዳምኛ ስናነብላት ሁለቴ አስደገመችንና «ደሜን ውሰዱ፣ ስሜ ግን ከአገሬ አይውጣ» አለች። ስም አይሄድም፣ የሚሄደው ኮድ ነው ብለን አስረዳናት። ጥቂት አሰበችና አይሆንም አለች። ዳታዋን ከጥናቱ አወጣነው። ስንወጣ ቡና አፍልታ ነበር፣ ጠጥተን ተመለስን።