ክርክር፦ ሙሉውን ፕላትፎርም ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት ያዋጣል ወይስ ልፋት ብቻ ነው?

ሁለት ኮር
ሰላም ቤቶች፣ ፍርድ ስጡኝ። ሥራ ቦታ የጋራ የኦፕንሺፍት (አፖችን በኮንቴይነር፣ ማለትም በየታሸጉበት ሳጥን፣ የሚያስነሳ ፕላትፎርም) መሞከሪያ ክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ የሚሠሩ ማሽኖች፣ አለን። አለቃችን አሁን «እሱ ይዘጋል፤ ሁላችሁም ኦፕንሺፍት ሎካልን (ለአንድ ላፕቶፕ የተሠራውን ትንሹን ኦፕንሺፍት) በየላፕቶፓችሁ ታስነሳላችሁ» ብሏል። ወጪ ለመቀነስ መሆኑ ነው። እኔ አልተዋጠልኝም። ይሄ ነገር ገና አንድ አፕ ሳይጫንበት 4 ኮር፣ ከ10 ጊጋባይት በላይ ነጻ ራምና 35 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል። የኔ ላፕቶፕ ጠቅላላ ራሙ 16 ነው። አፑንና ዳታቤዙን በዶከር ኮምፖዝ (ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንዴ በሚያስነሳው መሣሪያ) ማስነሳት ምን ጎደለው?

ፑሽ አድርጋ የተኛች
ጎደለው እንጂ! ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የታሸገ ፋይል) ላይ ሌላ ዩዘር ካልተጻፈ ዶከር ኮንቴይነሩን በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት ዩዘር) ነው የሚያስነሳው። ኦፕንሺፍት ግን ሩት አይሰጥህም። ለፕሮጀክትህ ከመደበው ክልል ውስጥ አንድ ረጅም የዩዘር ቁጥር አንስቶ በዚያ ያስነሳሃል። እኔ የተለመደውን የኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር) ኢሜጅ ይዤ ሄድኩ፤ ኮምፖዝ ላይ ለወራት እንከን አልነበረበትም። ክላስተሩ ላይ ግን የካሽ ፎልደሩን ልፍጠር ሲል «ፐርሚሽን ዲናይድ»። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ያውም አርብ ማታ። መጨረሻ ላይ ፎልደሮቹን ግሩፕ 0 (ኦፕንሺፍት የሚሰጠው ዩዘር ያለበት ግሩፕ) እንዲጽፍባቸው ፈቅጄ፣ ፖርቱን ከ80 ወደ 8080 ቀይሬ ቀጥ አለ። ላፕቶፔ ላይ ቢኖረኝ በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር።

ሌሊት ወፍ
ታዲያ ቀለል ያለ ኩበርኔቲስ (ኦፕንሺፍት የተሠራበት የኮንቴይነር ማስተዳደሪያ) ተጠቀሙ። ሚኒኩብ 2 ኮርና 2 ጊጋ ራም ካገኘ ይነሳል። ኬ3ኤስ ደግሞ አንድ ፋይል ነው፤ ነጠላ ማሽን ላይ ኢቲሲዲን (የክላስተሩን መረጃ የሚይዘውን ዳታቤዝ) ትቶ በቀላሉ ዳታቤዝ በኤስኪውላይት ይሠራል።

ፑሽ አድርጋ የተኛች
ወንድሜ፣ እሱ ኩበርኔቲስ ነው እንጂ ኦፕንሺፍት አይደለም። ያ የሩት ጣጣ ሚኒኩብ ላይ አይያዝም፣ ዝም ብሎ ያሳልፍሃል። ላፕቶፕ ላይ የምናስነሳው የሚከለክለንን ነገር ቀድመን ለማየት ከሆነ፣ የማይከለክል ፕላትፎርም ምን ያደርግልኛል?

137
(ስሜ ላልገባው፦ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ የገደለው ኮንቴይነር ትቶት የሚሄደው ቁጥር ነው፤ 128 ሲደመር ሲግናል 9። ብዙ ሌሊት አብረን አድረናል።)
እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ግን ላፕቶፕ ላይ የምታይው የፕላትፎርሙን ደንብ ብቻ ነው፤ አወዳደቁን አታይም። ፕሮዳክሽን ላይ ኢቲሲዲ በ3 ማሽን ይቆማል፣ 1 ሲሞት የቀሩት 2ቱ አብላጫ ድምፅ ስለሚሞሉ ሥራው ይቀጥላል። ነጠላ ማሽን ላይ ምኑን ገድለሽ ትሞክሪያለሽ? ላፕቶፑን?
ካይንድ (ኩበርኔቲስን በኮንቴይነር ውስጥ የሚያስነሳው) ሦስት ኖድ፣ ማለትም ሦስት የክላስተር ማሽን፣ ይሰጣል እንዳትሉኝ። ሦስቱም ኮንቴይነሮች ናቸው፤ ከርነሉም አንድ፣ ዲስኩም አንድ። እዚያ ላይ የሎድባላንሰር ሰርቪስ (ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚያከፋፍል) ፍጠሩና እዩት፤ ከጀርባ አድራሻ የሚሰጥ ክላውድ ስለሌለ፣ ሌላ ነገር ካልጫናችሁለት «ፔንዲንግ» እንዳለ ያድራል። ስለዚህ የጋራው ክላስተር መዘጋቱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። አለቃችሁ ሁለት የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ነገሮችን አንዱን በአንዱ ሊተካ ነው።

የድሮ ሰው
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላንሳ። ክላውድ ፋውንድሪ (እንደ ኦፕንሺፍት ያለ ሌላ ፕላትፎርም) ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ «ማይክሮ ክላውድ ፋውንድሪ» የሚባል፣ ሙሉውን በአንድ ቨርችዋል ማሽን የያዘ ነገር ነበረው። በ2016 ፒሲኤፍ ዴቭ መጣ፣ ቀጥሎ ሲኤፍ ዴቭ። ሁሉም በየተራ ቀሩ። ከኦፕንሺፍት ሎካል በፊት የነበረው ሚኒሺፍትም ከኦፕንሺፍት ስሪት 3 ጋር አብሮ ቀረ። ዋናው ፕላትፎርም ይቀጥላል፣ ለላፕቶፕ የተሠራው ትንሹ ወንድሙ ግን ብዙ አይቆይም። የቡድኑን አሠራር በሙሉ እሱ ላይ የሚያስር ሰው ይህን ቢያስብበት።

ሌሊት ወፍ
ኤአርኤም (ከኢንቴል የተለየ ፕሮሰሰር) ላፕቶፕ የያዛችሁስ? እዚያ የተገነባ ኢሜጅ ኢንቴል ሰርቨር ላይ ሲሄድ «ኤክሴክ ፎርማት ኤረር» ብሎ ይሞታል። ላፕቶፑ ላይ ግን እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር።

ሁለት ኮር
እሺ፣ ትናንት ማታ ሁሉን ዘግቼ ኦፕንሺፍት ሎካልን ጫንኩት። ተነሳ! የኛን አፕ ስጭንበት ምን ቢል ጥሩ ነው? ፐርሚሽን ዲናይድ። ሎግ የሚጽፍበት ፎልደር የሩት ብቻ ነበር። የጋራው ክላስተር ላይ አንድ ሰው በፊት ሳይነግረን ልዩ ፈቃድ ሰጥቶት ኖሯል፤ ለዚህ ነው አይተነው የማናውቀው። ፑሽ፣ በዚህ አሸንፈሽኛል።
ለአለቃዬ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ የጋራው ክላስተር አይዘጋ፣ ያ ልዩ ፈቃድ ይነሳ፣ ላፕቶፕ ላይ አስነሱ የምንባል ከሆነ ደግሞ 32 ጊጋ ራም ይሰጠን።

137
ራሙን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርገው።