ክርክር፦ ለደቡብ እስያ ዝርያ ገጣሚዎች የተለየ ድጋፍ ተገቢ ነው?

አስተባባሪ፦ ብሪታንያ ውስጥ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ ከመጡ ቤተሰቦች የወጡ ብዙ ገጣሚዎች አሉ። ለእነሱ ተብሎ የተለየ ሥልጠናና ድጋፍ መዘጋጀቱ ትክክል ነው? ወይስ ግጥሙ ብቻ ይመዘን? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደል ወዳድ፦ እኔ አልደግፍም። የገጣሚው አባት ከፓኪስታኗ ላሆር ይምጣ ከሊቨርፑል፣ ግጥሙ ካማረ ያምራል። ገጣሚዋን ኢምቲያዝ ዳርከርን ተመልከቱ። ላሆር ተወለደች፣ ግላስጎው አደገች፣ በ2014 የንግሥቲቱን የግጥም የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። በኮታ አይደለም።

የለንደኗ፦ ወንድሜ፣ አንድ ሰው ጠቅሶ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር ማለት አይቻልም። በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የብሪታንያ ትልልቅ አሳታሚዎች ካወጧቸው የግጥም መጻሕፍት የጥቁርና የእስያ ዝርያ ገጣሚዎች ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ጎበዝ ጠፍቶ ነው? አርታኢ እኮ ገጣሚን የሚያውቀው ከመጽሔትና ከንባብ ምሽት ነው። እዚያ ያልተጋበዘ አይታይም።

ከዚያ በኋላ ደራሲዋ በርናርዲን ኤቫሪስቶ ለጥቁርና ለእስያ ዝርያ ገጣሚዎች «ዘ ኮምፕሊት ዎርክስ» የተባለውን ፕሮግራም አስጀመረች። ለእያንዳንዱ ጀማሪ አንድ የታወቀ ገጣሚ አማካሪ ይሆነው ነበር። በሦስት ዙር 30 ገጣሚዎች አለፉበት። አንዷ ሞና አርሺ ናት፤ ከፑንጃብ ግዛት የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ልጅ፣ የሰብዓዊ መብት ጠበቃ የነበረች። በ2015 የመጀመሪያ መጽሐፏ ፎርዋርድ የተባለውን የብሪታንያ የግጥም ሽልማት በመጀመሪያ መጽሐፍ ዘርፍ አሸነፈ። ያሸነፈችው ከሁሉም ጋር ተወዳድራ ነው። ፕሮግራሙ ያደረገው እስከ ውድድሩ ማድረስ ብቻ ነው።

ፊደል ወዳድ፦ እሺ፣ ይሄ ይገባኛል። ግን «የእስያ ገጣሚ» የሚል ስም ከተለጠፈባቸው፣ ሁልጊዜ ሳሪ ስለሚባለው የሴቶች ልብስና ስለ ቅመም እንዲጽፉ ይጠበቅባቸዋል። ስለ ዝናብ መጻፍ ቢፈልጉስ?

መምህር፦ ይጽፋሉ እኮ! እንግሊዝ ውስጥ ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው ገደማ ለሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና ከሚያጠኗቸው ግጥሞች አንዱ የዳርከር ነው። የሚናገረው ስለ ስስ ወረቀት ነው። ስለ ካርታ፣ ስለ ሱቅ ደረሰኝ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ስለሚጻፍበት የቁርአን ጀርባ። እኛስ ቤት የልጆች ልደት በዳዊት ጀርባ ይጻፍ የለ? ከራሷ ቤት ተነስታ ሁላችንም ቤት ገባች።

ከቶሮንቶ፦ ሩፒ ካውርን ማን ደገፋት? ፑንጃብ ተወልዳ ካናዳ ያደገች ልጅ ናት። በ2014 መጽሐፏን ራሷ አሳተመች፣ በኢንስታግራም አንባቢ አገኘች፣ በሚሊዮን ተሸጠ።

የለንደኗ፦ ደስ ይላል፣ ግን ኢንስታግራም አጭር ግጥም ነው የሚወደው። የ2020ን የቲ ኤስ ኤልየት ሽልማት፣ 25,000 ፓውንድ፣ የወሰደችው የሕንድ ዝርያ ያላት ባኑ ካፒል በዚያ መንገድ የምትሄድ አይደለችም። መጽሐፏ በሰው ቤት በእንግድነት በተቀመጠች ስደተኛ አንደበት ይናገራል። ቀስ ተብሎ ነው የሚነበበው። እንዲህ ያለውን የሚሸከም አሳታሚ ያስፈልጋል።

የመሐል ሰፋሪ፦ የጠራችኋቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት። በኡርዱ፣ በፑንጃቢ፣ በቤንጋሊ የሚጽፉትስ? ሙሻይራ በሚባለው የግጥም ንባብ ምሽት ላይ ገጣሚው አንድ ስንኝ ሲጥል ታዳሚው «ዋህ ዋህ!» ይላል፣ ድገመው ይላል። ከዚያ አዳራሽ ውጭ ግን ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዲሲ ተቀምጦ በአማርኛ የሚገጥመውም ዕጣው ያው ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለትርጉምና በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ለሚታተም መጽሐፍ ይሁን።

ፊደል ወዳድ፦ ለዚህ ከሆነ ድምፄን እሰጣለሁ። በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።