ጥያቄ፦ የመስኖ ጉድጓዳችን ውሃ በግማሽ ቀነሰ፤ አሲድ ያድነዋል?

ጠያቂ፦ የቆቦ መስኖ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቆቦ አካባቢ የአንድ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ሽንኩርትና ቲማቲም የምናጠጣበት አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለን። በ2007 ዓ.ም. ሲቆፈር በሰከንድ 18 ሊትር ይሰጥ ነበር። አሁን 9 ቢሞላ ነው። ጥልቀቱ 120 ሜትር፣ ኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ) 8 ኢንች ብረት ነው። በቅርቡ ፓምፑ ሲወጣ ቧንቧው ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበት አየን። አንዳንድ ቦታ ቀላ ያለ የሚያሟልጭ ነገርም አለው።

አንድ ሰው መጥቶ «አሲድ ልጨምርበት፣ በአንድ ቀን እንደ አዲስ ይሆናል» አለን። የጠየቀው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የሚዋጣውም ከአባላት ኪስ ነው። ገሚሱ አባል አዲስ ይቆፈር ይላል። ገሚሱ የከርሰ ምድር ውሃው አልቋል፣ ብር አታቃጥሉ ይላል። የምታውቁ ምከሩን።

የመርሳ ገበሬ

ወንድሜ፣ እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ሸለቆው ውስጥ ጉድጓድ በዛ። ሁሉም ይስባል። ውሃው ከሌለ አሲዱ ከየት ያመጣዋል?

ፓምፕ ጠጋኝ፣ ኮምቦልቻ

ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ፓምፑ ይጣራ። ስንት ሰው ጉድጓዱን ሲረግም ጥፋቱ የፓምፑ ሆኖ አይቻለሁ። አሸዋ ኢምፔለሩን (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃ የሚገፋውን) ከበላው ወይም የሚያወጣው ቧንቧ ከተበሳ፣ ጉድጓዱ ጤነኛ ሆኖ ውሃ ይቀንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ፓምፑ እየሠራ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ብዙም ካልወረደ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው። በጣም ከወረደ ፓምፑን ተዉት፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ጂኦሎጂስቷ፣ ደሴ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የመርሳው ወንድማችን የሚለውም ሊሆን ይችላል። ክርክሩን የሚፈታው ግን ገመድና ሜትር ነው። ሦስት ነገር ለኩልኝ።

ፓምፑ ሌሊቱን አርፎ ሲያድር፣ ጠዋት ሳይነሳ ውሃው ከአፉ ስንት ሜትር ላይ ነው? ፓምፑ ሰዓታት ሠርቶ ውሃው መውረዱን ሲያቆምስ ስንት ሜትር ላይ ነው? በዚያ ሰዓት በሰከንድ ስንት ሊትር ይወጣል? ይህንን ከቁፋሮው ጊዜ ሪፖርት ጋር እናስተያየዋለን። ሪፖርቱ ከሌላችሁ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም ወልድያ ዞኑ መምሪያ ጠይቁ። ስክሪኑ፣ ማለትም ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው የኬሲንጉ ክፍል፣ ከየት እስከ የት እንደሆነም እዚያው ላይ ይኖራል።

ጠያቂ፦ የቆቦ መስኖ

እህቴ፣ ሪፖርቱ ተገኘ። ያኔ ሲያርፍ 22 ሜትር፣ 18 ሊትር ሲወጣ 34 ሜትር ነበር። ስክሪኑ በድምሩ 36 ሜትር ይላል። አሁን ስንለካ ሲያርፍ 24 ሜትር፣ 9 ሊትር ሲወጣ 49 ሜትር ነው።

ጂኦሎጂስቷ፣ ደሴ

ይሄ እኮ መልሱን ራሱ ይናገራል። ያኔ 18 ሊትር ለማውጣት ውሃው የወረደው 12 ሜትር ብቻ ነው። ሲካፈል፣ በአንድ ሜትር መውረድ 1.5 ሊትር። አሁን 9 ሊትር ለማውጣት 25 ሜትር ወርዷል። በአንድ ሜትር 0.36 ሊትር መሆኑ ነው። የጉድጓዱ አቅም ወደ ሩብ ወርዷል። እንዲያውም በትንሽ ፍሰት ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ስለዚህ ከሚታየውም የባሰ ነው።

ሲያርፍ ግን የቀነሰው 2 ሜትር ብቻ ነው። ውሃው አላለቀም ማለት ነው፤ መግቢያው ነው የተደፈነ። የመርሳው ወንድሜ፣ የእናንተ ሲያርፍ 15 ወይም 20 ሜትር ወርዶ ከሆነ ግን አንተ ልክ ነህ፣ አሲድም አያድነውም።

ለምን ይደፈናል? መሬት ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ተይዞ ካልሲየምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሟሙቶ ይዟል። ስክሪኑ ጋ ሲደርስ ግፊቱ በድንገት ይቀንሳል። ጋዙ ያመልጣል፣ ካልሲየሙ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነገር ነው። ፓምፑ በኃይል በሳበ ቁጥር ይብሳል።

አሁን ቅርፊቱን ፈቅፍቁና አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ከተንፈቀፈቀ አሲድ ይፈታዋል። የሚያሟልጨው ቀይ ነገር ካልተንፈቀፈቀ ግን የብረት ባክቴሪያ ነው። የሱ መድኃኒት ብሩሽና ክሎሪን ነው።

ባለ ጋራዥ፣ ወልድያ

ለምን ታካብዱታላችሁ? ሁለት ጀሪካን የባትሪ አሲድ ከአፉ ደፍታችሁ ማሳደር ነው። ርካሽ ነው፣ ጋራዥ ሁሉ ይገኛል።

የኬሚስትሪ መምህር

ወንድሜ፣ አደራህን ይህንን ለማንም አትምከር። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ ነው። ሰልፈሪክ ካልሲየሙን ሲያገኝ ጂፕሰም ይሠራል፤ የጀሶ ጥሬ ዕቃ ማለት ነው። በውሃ በደንብ አይሟሟም። የተደፈነውን ስክሪን መልሳችሁ በጀሶ ልትለስኑት ነው። በዚያ ላይ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ በተለይ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ከሆነ።

የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ብረት ይበላል፣ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል። ብረቱን የሚከላከል ኬሚካል ሳይጨመርበት የእናንተ ዓይነት ኬሲንግ ውስጥ አይገባም። ሌላው ሰልፋሚክ አሲድ ነው። እንደ ጨው ያለ ደረቅ ዱቄት ስለሆነ በጆንያ ይጓዛል፣ ለብረትም ይሻላል። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ለማህበር እኔ እሱን እመርጣለሁ።

መጠኑን እንገምት። ባለ 8 ኢንች ኬሲንግ በአንድ ሜትር 32 ሊትር ገደማ ይይዛል። 36 ሜትር ስክሪን 1,150 ሊትር ግድም ነው። ከኬሲንጉ ውጭ ያለው ጠጠርም ስለተደፈነ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉት፣ 1,700 ሊትር። ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢበጠበጥ ከ85 እስከ 170 ኪሎ ሰልፋሚክ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ቅርፊት ለማሟሟት ሁለት ኪሎ ገደማ አሲድ ይጠፋል። ሁለት ጀሪካን የትም የማያደርሰው ለዚህም ነው።

ጠያቂ፦ የቆቦ መስኖ

ነጩ ተንፈቀፈቀ፣ ቀዩ ዝም አለ። ስለዚህ ሁለቱም አለብን። ክሎሪኑንና አሲዱን አንድ ላይ ብናስገባው ወጪ አይቆጥብም?

የኬሚስትሪ መምህር

በፍጹም! አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሰው ይገድላል። በረኪናም ቢሆን ያው ነው። አንዱ ተጠርጎ ሳይወጣ ሌላው አይገባም።

ክሎሪን ሳይኖርም አሲዱ ቅርፊቱን ሲፈታ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ፓምፕ ቤት ውስጥ ከሆነ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ይከፈት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቶ ማየት የለም። ልጆች አካባቢው ላይ አይደርሱም። ሲበጠበጥ አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚጨመር እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም። መነጽር፣ ረጅም ጓንትና ብዙ ንጹሕ ውሃ አጠገብ ይኑር።

ፓምፕ ጠጋኝ፣ ኮምቦልቻ

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ ልጄ፣ ያ ሰው «በአንድ ቀን» ስላለህ።

ፓምፑ ይወጣል። ከተቻለ ካሜራ ይገባል፤ የእናንተ ብረት ነው፣ ዕድሜም አለው። ዝጎ የሳሳ ወይም የተቀደደ ከሆነ አሲዱ ይጨርሰዋል፣ ያኔ አዲስ መቆፈሩ ያዋጣል። ደህና ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ይፈቀፈቃል። ታች የተጠራቀመው ደለል በኮምፕሬሰር ይወጣል። ይህንን ዘሎ አሲድ የሚደፋ ሰው አሲዱን ለጭቃው ነው የሚያበላው።

አሲዱ ከአፍ አይደፋም። በቀጭን ቧንቧ ስክሪኑ ድረስ ይወርዳል። ከዚያ እንደ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ መሣሪያ ውሃው ይገፋል፣ ይሳባል። አሲዱ ጠጠሩ ውስጥ የሚገባው በዚህ ነው። ዝም ብሎ ከተኛ ኬሲንጉን ብቻ አጥቦ ይቀራል። መሃል መሃል አሲድነትን በሚለካ የፒኤች ወረቀት ይታያል። ከ3 በላይ ከወጣ አሲዱ ደክሟል፣ ይጨመርለታል። ካደረ በኋላ ፒኤቹ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ በኮምፕሬሰር ይጠረጋል።

ክሎሪኑ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ኤችቲኤች የምንለው ዱቄት ለእናንተ ግማሽ ኪሎ ገደማ በቂ ነው። እሱም አድሮ ይጠረጋል። መጨረሻ ላይ ፓምፑ ገብቶ እንደገና ይለካል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ጠያቂ፦ የቆቦ መስኖ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ እንዳሉት ካሜራውን አስቀድመን እንጠይቃለን። ውሉ ላይስ ምን እናስገባ? የሚወጣው አሲዳም ውሃስ የት ይፍሰስ? ቦዩ በቀጥታ ማሳ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጂኦሎጂስቷ፣ ደሴ

ውሉ ላይ «ውሃ ይጨምራል» የሚል ቃል አትቀበሉ። ከሥራው በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ፍሰት፣ ለተመሳሳይ ሰዓት ይለካ። ከክፍያው ጥሩ ድርሻ ከሁለተኛው ልኬት በኋላ ይከፈል በሉ። የአሲዱ ዓይነትና ኪሎም ይጻፍ። በአንድ ሜትር ወደ 1.5 ሊትር ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብላችሁ ግን ለአባላት ቃል አትግቡ። ለዓመታት የጠነከረ ቅርፊት ሁሉም አይወጣም። 1 አካባቢ ከደረሰ እኔ ደስ ይለኛል።

ውሃው ቦዩ ውስጥ አይግባ። ራቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዚያ ይጠራቀም፣ በኖራ ይብረድ፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ ሲሆን ይለቀቅ። ከብት እንዳይጠጣው ዙሪያውን እሾህ እጠሩበት። የክሎሪኑን ውሃ ግን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አትቀላቅሉት፣ መምህሩ ያሉት ጋዝ እዚያም ይመጣል። ለሱ ሌላ ይቆፈር።

የመርሳ ገበሬ

እኛም ነገ ገመድ እናወርዳለን። ፓምፑ ሌሊቱን ማረፍ አለበት ነው ያልሽው?

ጂኦሎጂስቷ፣ ደሴ

አዎ፣ የጎረቤቶቻችሁም ቢያርፍ ይሻላል። የነሱ እየሠራ ከለካችሁ የእናንተ ያለጥፋቱ ወርዶ ይታያል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ሁላችሁም በአንድ ጠዋት ለኩ።