ራስ የሌለውን ፈረሰኛ በአማርኛ መድረክ ላይ እንዴት እናምጣው?

ጀማሪ ተውኔት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካዊውን ደራሲ የዋሽንግተን ኢርቪንግን የስሊፒ ሆሎው ታሪክ፣ ራስ የሌለው ፈረሰኛ መምህሩን ኢካቦድ ክሬንን በሌሊት የሚያሳድድበትን፣ ወደ አማርኛ መልሰን ለመድረክ እያዘጋጀን ነው። መድረኩ 6 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ፈረስ አይገባበትም። ሦስት ጥያቄ ይዞናል። ፈረሰኛው የአየርላንዱ ዱላሃን ነው ወይስ ሌላ? ከቡድኑ ግማሹ ፊልም ላይ ያየውን፣ ግማሹ ካርቱን ላይ ያየውን እያመጣ በልብሱም በጠባዩም መስማማት አልተቻለም። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ምን እንበለው? ለጊዜው «ጭንቅላት የሌለው ፈረሰኛ» ብለናል፤ ልምምድ ላይ ግን ቃሉ በተነሣ ቁጥር ሰዉ ይስቃል። ሦስተኛውና ዋናው፦ ራስ የሌለውን ሰው በጥቂት ገንዘብ እንዴት አድርጎ ማሳየት ይቻላል?

ተረት ፈላጊ፦

ዱላሃን አይደለም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በጎደላቸው ነገር ብቻ ነው፤ የሚጋልቡበት ጉዳይ ለየቅል ነው። ዱላሃን የሞት መልእክተኛ ነው። ራሱን በብብቱ ይይዛል ወይም እንደ ፋኖስ ከፍ አድርጎ መንገዱን ያይበታል፤ የቆመበት ደጃፍ ለቅሶ ይገባበታል፤ የሟቹንም ስም ይጠራል። ወጥቶ ሊያየው የሚደፍር ሰው ፊቱ ላይ ደም ይደፋበታል ይባላል። የሚፈራው ወርቅን ነው። የጠፋበት ነገር ግን የለም፤ ራሱ እጁ ላይ ነው።

የኢርቪንግ ፈረሰኛ ፈላጊ ነው። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈ ሄሲያን፣ ማለት ጀርመናዊ ፈረሰኛ ነበር፤ ስሟ ባልተጠቀሰ ውጊያ ላይ የመድፍ አረር ራሱን ወሰደበት። አካሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀብሯል። ሌሊት ሌሊት ራሱን ፍለጋ ወደ ጦር ሜዳው ይወጣል፤ ሲመለስ እንደ ነፋስ የሚያልፈውም ሳይነጋ መቃብሩ ለመድረስ ስለሚጣደፍ ነው። ተዋናያችሁ ይህን ብቻ ቢይዝ አነዳዱ ሁሉ ይለወጣል። ሰው አሳድዶ ሊገድል የወጣ አይደለም፤ ቸኩሏል፣ ጎድሎበታል።

ሄሲያኖቹን በደፈናው «ቅጥረኛ» አትበሏቸው። ቅጥረኛ ሲባል እያንዳንዱ ወታደር በግሉ ተዋውሎ የመጣ ይመስላል። እንግሊዝ ሠራዊቱን የተከራየችው ከጀርመን መሳፍንት ነው፤ ገንዘቡም ወደ መሳፍንቱ ነበር የሚሄደው። ከሁሉ የበዛውን ጦር የሰጠው የሄሰ ካሰል ገዥ ስለነበር ሌሎቹም በዚያው ስም ተጠሩ። በጦርነቱ ዘመን በጠቅላላው ወደ 30,000 የሚጠጉ ጀርመናውያን ተሰልፈዋል። ስለዚህ መቃብር ውስጥ ያለው ሰው በጌታው ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ በሰው አገር የቀረ ወታደር ነው። ይህ በአማርኛ ተመልካች ዘንድ ጠልቆ የሚገባ ነገር ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳትሰጡት አትለፉ።

ምንጩን ፍለጋ ብትሄዱ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ጄኔራል ዊሊያም ሂዝ በ1798 ባሳተመው ማስታወሻ፣ በ1776 መጸው ዋይት ፕሌይንስ አጠገብ የአሜሪካ መድፍ የአንድ ሄሲያን ራስ እንደወሰደ ጽፏል። ሟቹ መድፈኛ ነበር እንጂ ፈረሰኛ አልነበረም። በመጨረሻ እንደ ራስ ሆና በኢካቦድ ላይ የምትወረወረው ዱባ ደግሞ ከጀርመን ሳትመጣ አልቀረችም። ጀርመናዊው ደራሲ ሙዜውስ በ1780ዎቹ ባሳተማቸው የጀርመን ተረቶች ውስጥ አንድ ራስ የሌለው ጥቁር ሰው ከሰረገላ ፊት ፊት እየሄደ ብብቱ ውስጥ የያዘውን ራስ በነጂው ላይ ይወረውራል፤ ኋላ ሲታይ «ራሱ» ተቦርቡሮ የተሞላ ዱባ ሆኖ ይገኛል። ኢርቪንግ ታሪኩን የጻፈው እንግሊዝ አገር ተቀምጦ ነው፤ በ1819 እና 1820 በተከታታይ ክፍሎች በወጣው ስብስቡ ውስጥ ታተመ። የጀርመኑን ተንኮል ወስዶ በሃድሰን ወንዝ ዳር ካሉት የደች ገበሬዎች መካከል ተከለው።

ከፊልም የመጣውን ለመለየት ይህን ያዙ። በታሪኩ ውስጥ ሃሎዊን የሚባል በዓል ስሙም አይነሣም። ዱባዋ ዐይንና ጥርስ አልተቀረጸባትም፣ እሳትም አልያዘችም፤ የሚነድ ዱባ በሰው ልብ የተተከለው በ1949ኙ የዲዝኒ ካርቱን ነው። የ1999ኙ የቲም በርተን ፊልም ፈረሰኛውን እውነተኛ ሙት አድርጎ ሰው በሰይፍ ያስቀላዋል፤ በኢርቪንግ ታሪክ አንድም ሰው በሰይፍ አይወድቅም። ፈረሰኛው፣ ኢካቦድ የሚከጅላትን ካትሪናን ለራሱ የሚፈልገው ብሮም ቦንስ መሆኑን ደራሲው ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። ይህን ጥርጣሬ ከገደላችሁት ተውኔቱ ሞተ።

ቃል ሚዛን፦

የሳቁ ምክንያት ግልጽ ነው። በአማርኛ «ጭንቅላት የለውም» ማለት ማሰብ አይችልም ማለት ነው። ሙቱን ሰደባችሁት እንጂ አላስፈራችሁበትም። «ራስ» ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን «ራስ የሌለው ፈረሰኛ» በጆሮ ሲሰማ ማዕረጉንም ይጠራል፤ አዛዥ ራስ ያልተሾመለት ጦር ሊመስል ይችላል። ለርእስ «ራስ አልባው ፈረሰኛ» ጥሩ ነው፤ «አልባ» ስለሚያጠብቀው አሻሚነቱ ይጠፋል።

«አንገቱ የተቀላ» የሚለው ያምራል፤ ለዚህ ሰው ግን አይሆንም። መቅላት የሰይፍና የእጅ ሥራ ነው፤ ቀይ ያለም ፍርድ ያለም ይመስላል። ይህኛውን አረር ነው የገነጠለው። «መድፍ ራሱን የወሰደበት» ብላችሁ በገበሬዎቹ አፍ አስገቡት፤ አጥንት ይነካል።

ገበሬዎቹ በታሪኩም አንድ ስም ብቻ አይጠሩለትም፤ «ጋላቢው ሄሲያን» ይሉታል። እናንተም ሽማግሌዎቹን «ጋላቢው» ብቻ አሰኟቸው። በሰፈሩ የታወቀ ሰው አብዝቶ አይጠራምና ማጠሩ ራሱ ፍርሃት ነው። «ራስ አልባው» የሚለውን ሙሉ ስም ለብሮም አቆዩለት፤ ከኢካቦድ ፊት የሚያወራው እሱ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፦ የመምህሩ የቤተሰብ ስም ክሬን በእንግሊዝኛ የረጅም እግር ወፍ ስም ነው፤ ሰውዬውም እንደዚያው ቀጭን፣ እጁ ከእጅጌው የሚረዝም ነው። ስሙን አትተርጉሙት። ከተማሪዎቹ አንዱ ከጀርባው «ሽመላው መጣ!» ቢል ይበቃል።

ጀማሪ ተውኔት፦

እጅግ እናመሰግናለን፤ የስሙ ጉዳይ አለቀ። አሁን መድረኩ። በጥቁር ጨርቅ ራስ ሸፍነን ሞከርን፤ ተመልካች ቦታ ተቀምጠን ስናይ ግን ጨርቅ የጠመጠመ ሰው ነው የሚታየው። ምን አጎደልን?

መብራትና መጋረጃ፦

ጨርቁ ፖሊስተር ይሆናል፤ ፖሊስተር ያብለጨልጫል። ከፊት የሚመጣ መብራትም ሳይኖር አልቀረም። ጥቁር ራስ የሚጠፋው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፦ ከጀርባው ጥቁር ካለ፣ ጨርቁ ብርሃን የሚውጥ ከሆነ፣ ብርሃኑም ከጎን ብቻ ከመጣ። ጥቁር ከፋይ ተጠቀሙ፤ ከፋዩን ጸጉሩ ወደ ላይ እንዲሄድ አድርጋችሁ ብትሰፉት የበለጠ ይጠቁራል። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በደረት ቁመት አቁሙ፤ ላይኛውን ጠርዛቸውን በካርቶን ጋርዱና ጨረሩ ትከሻ ላይ እንዲቆረጥ አድርጉ። ተዋናዩ ከኋላ መጋረጃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ፤ ከቀረበ ጥላው መጋረጃው ላይ ራሱን ይስልባችኋል። ይህ ነው ሁልጊዜ የሚያጋልጠው።

በዝቅተኛ ጣሪያ ስር ግን ብርሃን ተንጸባርቆ ይመለሳልና እኔ የምመርጥላችሁ ሁለት ዘዴ አዳብሎ መሥራት ነው፤ ለሩቁ ግልቢያ ጥላ፣ ለቅርቡ የውሸት ትከሻ።

ጥላው እንዲህ ነው። ነጭ አንሶላ ከኋላ ግድግዳው 2.5 ሜትር ርቆ ይሰቀል፤ ለተዋንያን ከፊት 1.5 ሜትር ይቀራል። 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፈረሰኛ ከወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ እንጨት ላይ አቁሙ። መብራቱ ግድግዳው ሥር ይሁን። ካርቶኑ በመብራቱና በአንሶላው መካከል እኩል ላይ ሲሆን ጥላው እጥፍ፣ ማለት 1 ሜትር ይሆናል፤ ከርቀቱ ሩብ ላይ ወደ መብራቱ ሲጠጋ 2 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ እየተጠጋ ሲሄድ ፈረሰኛው እየቀረበ የመጣ ይመስላል። መብራቱ ባለ አንዲት ነጥብ፣ መስታወቱም ጥርት ያለ ይሁን፤ ወተት መስታወት ያለው አምፖል ጠርዙን ያደበዝዛል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ኤልኢዲ ደግሞ አንድ ፈረስ አራት ጋማ እንዲኖረው ያደርጋል። የአምፖሉ ክብ ብርሃን ለተመልካች እንዳይታይ መብራቱን ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉና የአንሶላውን ታችኛ 50 ሴንቲ ሜትር በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ።

ለውሸት ትከሻው አጭር ተዋናይ ምረጡ። ከትከሻ እስከ አናት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የውሸቱም ትከሻ በዚያው ያህል ከፍ ይላል። 1.60 ሜትር የሚሆን ሰው ትከሻው ወደ 1.63 ይወጣል፤ ራስ ቢኖረው ኖሮ 1.90 ገደማ የሚሆን ግዙፍ ሰው ማለት ነው፤ ታሪኩም የሚፈልገው ግዙፍ ፈረሰኛ ነው። ከአሮጌ የተራራ ሻንጣ የብረት ክፈፍ ወስዳችሁ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀላል ጣውላ ከላይ እሰሩበት፤ ጫፎቹን በስፖንጅ አለስልሱ፤ መሀሉ ላይ አጭር የአንገት ጉቶ አቁሙ። ክብደቱ ከ3 ኪሎ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተዋናዩ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ደረቱም ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ተዋናዩ የሚያየው በሸሚዙ ደረት ላይ በተሰፋ ጥቁር ስስ ቱል በኩል ነው፤ ቱሉ አየርም ያስገባለታል።

የሚያጋልጠው ክንድ ነው። ትከሻው ከፍ ሲል ክንዱ ከጎድን የበቀለ ይመስላል። እስከ ክርን የሚወርድ ካባ ደርቡበት፤ የእጅጌውን ላይኛ ክፍል ከውሸቱ ትከሻ ጀምራችሁ በጥጥ ሙሉት፤ እጁም ልጓም ከመያዝ ውጭ ብዙ አይንቀሳቀስ። በርኖስ ልታለብሱት ካሰባችሁ ጥቁር ሱፉ ብርሃን ስለሚውጥ መልካም ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ሹል ጉጥ ግን ከሩቅ የራስ ቅሪት ስለሚመስል ወደ ውስጥ እጠፉት። ተዋናዩ ጎንና ጎኑን አያይምና መንገዱ ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፉለት፤ ደረጃም አታስወጡት። ፈረሱ አያስፈልግም፤ 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጉብታ ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ከፊቱ አቁሙና ከወገቡ በላይ ብቻ ይታይ፤ ጉልበቱን እያጠፈ በግልቢያ ምት ይውጣ ይውረድ።

መቼ ይታይ? ኢርቪንግ ነግሯችኋል። መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ትልቅ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። መንገዱ ከፍ ብሎ ሰውዬው ከሰማዩ ብርሃን ጋር ሲጋጠም ነው ኢካቦድ ራስ እንደሌለው የሚያየው፤ ከዚያ ቀጥሎ ነው ራሱን ኮርቻው ፊት ላይ እንደያዘው የሚያየው። ሁለቱን አትደራርቡ። መሀላቸው ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ጸጥታ አኑሩ።

ኮቴ፦

መብራቱ ላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ድምፁን ነው። አዳራሹ ትንሽ ከሆነ ፍርሃቱን የሚሸከመው ጆሮ ነው። የኮኮናት ቅርፊት ካልተገኘ ሁለት የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል፤ ለአፈር መንገድ አሸዋ የተሞላ ትሪ ላይ፣ ለድልድዩ ባዶ ሳጥን ላይ በተዘረጋ ጣውላ ላይ ምቱት። እርምጃ አራት እኩል ምት ነው፣ ሶምሶማ ሁለት፤ ሽምጡን በሦስት ምትና በአንዲት አጭር ዝምታ ብታደርጉት ተመልካች ወዲያው ይለየዋል።

በታሪኩ ውስጥ ኢካቦድ ሲፈጥን እንግዳው ይፈጥናል፤ ሲያዘግም ያዘግማል። ስለዚህ ሁለት መቺ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ይከተል። ኢካቦድ ሲያቆም ሁለተኛው አንድ ምት ጨምሮ ይቁም። ያቺ ትርፍ ምት ብቻዋን ልብ ታቆማለች።

የምትወረወረዋን ዱባ እውነተኛ አታድርጓት፤ 4 ኪሎ ዱባ ሰው ትጎዳለች። ፊኛ ላይ በዱቄት ሙጫ የራሰ ጋዜጣ አምስት ድርብ ለጥፉ፤ ከየሁለት ድርቡ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ሳይደርቅ ከተደራረበ ውስጡ ይሻግታል፣ ቅርጹም ይጨማደዳል። ከጥቁር ካባ ስር ስትወጣ ቀለሟ እንዳይታይ ግራጫ ቀቧት፤ በዚያች ቅጽበት ተመልካች ራስ ነው ብሎ ማመን አለበት። ኢካቦድ ተመትቶ ሲወድቅ መብራቱን ሙሉ በሙሉ አጥፉ።

እውነተኛዋን ዱባ ለማለዳው አቆዩ። ከትዕይንቱ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ስበሯት፤ ቀድማ ከተሰበረች ትጠወልጋለች፣ ቢጫነቷ ይደበዝዛል። ሰዎቹ ወንዙ ዳር የመምህሩን ባርኔጣ ያገኛሉ፤ ከአጠገቡ የተሰባበረች ዱባ አለች፤ ኮርቻውም ጠፍሩ ተፈትቶ መንገድ ላይ ተረግጧል። ማንም ሰው ዱባዋን አያንሣ፣ ስለ እሷም በዚያ ሰዓት ቃል አይናገር። በታሪኩ ላይ ብሮም ካትሪናን ካገባ በኋላ ዱባዋ በተነሣች ቁጥር ከልቡ ይስቃል፤ ለዚያ ሳቅ ቦታ የሚገኘው አሁን ዝም ከተባለ ነው።