7.6 ጊጋ የሆነ የሰርግ ፊልም ባዶ ዲቪዲ ላይ እንዴት ላስገባ?

ጥያቄ፦ የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የወንድሜን ሰርግ ራሴ ቀርጬ ራሴው ኤዲት አድርጌ ጨርሻለሁ። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ፋይሉ ኤምፒ4 ሲሆን ኮምፒውተሬ 7.6 ጊጋ ይለዋል። እናቴ ፊልም የምታየው በድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ቴሌቪዥኗ የፍላሽ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ የግድ በዲስክ ልሰጣት ነው።

መጀመሪያ ዚፕ አደረግኩት፤ ምንም አልቀነሰም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ኮንቨርት አድርጌ 4.6 ጊጋ አደረስኩት። ዲስኩ ላይ 4.7 ተብሎ ተጽፎ እያለ ኮምፒውተሩ ቦታ አይበቃም አለኝ። በመጨረሻ ጥራቱን ቀንሼ 4.2 አወረድኩት፤ ያኔ ጻፈልኝ። ላፕቶፔ ላይ ይሠራል። የእናቴ ማጫወቻ ግን ዲስኩን ትንሽ ያሽከረክርና ያቆማል፤ ምስል የለም። ባዶ ዲስኮቼ እያለቁ ነው። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ቀስ በቀስ

ስለ ቦታው እኔ ልመልስልሽ እህቴ። ከዲስኩ የጎደለ ነገር የለም፤ ዲስክ አምራቹና ኮምፒውተርሽ የሚሰፍሩበት መስፈሪያ ነው የተለያየው። ዲስክ አምራቾች አንድ ጊጋ የሚሉት 1,000,000,000 ባይትን ነው። ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይትን አንድ ጊጋ ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ 4.7 ተብሎ የተጻፈው ኮምፒውተርሽ ላይ 4.37 ገደማ ነው። 4.6ቱ ያልገባው ለዚህ ነው።

ዚፕ ያልሠራው ቪዲዮው ቀድሞውኑ የተጨመቀ ስለሆነ ነው። ዚፕ ከዚያ በላይ የሚጨምቀው ነገር አያገኝም።

መልስ፦ ባለ ሁለት ድርብ

ለምን ትቸገሪያለሽ? ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ አለ፤ 8.5 ጊጋ ይይዛል፤ በኮምፒውተር ቆጠራ 7.95 ነው። የአንቺ 7.6 ሳይነካ ይገባል። የሚጽፈው ድራይቭ ግን ይህን ዓይነት ዲስክ የሚቀበል መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

መልስ፦ ቪዲዮ አርታኢ

ባለ ሁለት ድርብ ያለው ስለ ቦታ ከሆነ ልክ ነው። ግን እናትየውን አይረዳቸውም። የድሮ ማጫወቻ ኤምፒ4 ፋይል አይከፍትም፤ ዲስኩ ሰፋም ጠበበም ያው ነው።

እህቴ፣ ዋናው ስህተት እዚህ ጋ ነው። አንቺ የጻፍሽው የዳታ ዲስክ ነው። ፋይሉን እንደ ማንኛውም ሰነድ ኮፒ አድርገሻል ማለት ነው። የእናትሽ ማጫወቻ የሚፈልገው ግን ዲቪዲ ቪዲዮ የሚባለውን ነው። እሱ የራሱ ሕግ አለው። ምስሉ ኤምፔግ2 በሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ መሆን አለበት፤ መጠኑ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ደረጃ 720 በ576፣ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ደግሞ 720 በ480 ነው። ፋይሎቹም ቪዲዮ_ቲኤስ በሚባል ፎልደር ውስጥ ከአንድ ጊጋ ሳይበልጡ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ይህን የሚያዘጋጅልሽ ሶፍትዌር አለ፤ እኔ ዲቪዲስታይለርን እጠቀማለሁ፣ ነፃ ነው።

ይህን ከተረዳሽ ሐሳብሽ ሁሉ ይቀላል። ፊልሙ እንደ አዲስ ወደ ኤምፔግ2 ስለሚቀየር 7.6 ይሁን 20 ጊጋ ለውጥ የለውም። ጊጋውን እርሺውና ደቂቃውን ቁጠሪ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዲስኩን እስከ ጠርዙ አንሞላም፤ 4.5 ቢሊዮን ባይት ይበቃናል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ8 ስናባዛው 36 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። ያንቺ 2 ሰዓት ከ20 ደግሞ 8,400 ሰከንድ ነው። ብናካፍለው ለአንድ ሰከንድ 4,285 ኪሎቢት ገደማ ይደርሰናል። ለድምፅ 192 ቀንሺ፣ ለመጠባበቂያም ትንሽ ተዪ። ለምስሉ 4,000 ቀረን። ይታያል፤ ግን ጭፈራው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል።

እኔ ብሆን ሁለት ዲስክ አደርገው ነበር። ለእያንዳንዱ 70 ደቂቃ ከሆነ 7,000 ኪሎቢት መስጠት ትችያለሽ፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የዲቪዲ ቪዲዮ ደረጃ ለምስል እስከ 9,800 ይፈቅዳል። ግን በቤት በተጻፈ ዲስክ ላይ ወደዚያ ጣሪያ አልጠጋም፤ አንዳንድ ማጫወቻ ይንገዳገዳል።

አደራ፣ ከ4.2ቱ ፋይል እንዳትነሺ። በተቀየረ ቁጥር ጥራት ይወርዳል። ከኤዲቲንግ ሶፍትዌርሽ እንደገና በሙሉ ጥራት፣ በሁለት ክፍል አውጪው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ከሆነ የቀረጽሽው ፓልን ምረጪ፣ 30 ከሆነ ኤንቲኤስሲን። 16 በ9 የሚለውንም አትርሺ፤ አለበለዚያ ሙሽሮቹ ቀጥነው ረዝመው ይታያሉ።

መልስ፦ የድሮ ዴክ

አርታኢው የተናገረው ላይ ልጨምር። ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ስታስገቢ ሁለት ምርጫ ይሰጥሻል። አንዱ ዲስኩን እንደ ፍላሽ መጠቀም ነው፣ ሌላው ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይጫናል። በዚያ መንገድ የተጻፈ ዲስክ ብዙ ማጫወቻ አያነበውም። ዲቪዲስታይለር ራሱ ይጽፍልሻል፤ ካልሆነም የዲስኩን ሙሉ ይዘት በአንድ የሚይዝ አይኤስኦ ፋይል አውጪና ኢምግበርን በሚባለው የዲስክ መጻፊያ ሶፍትዌር ጻፊው። ዲስኩ መዘጋቱን፣ ፋይናላይዝ የሚባለውን፣ አረጋግጪ።

ለድሮ ማጫወቻ ዲቪዲ ሲቀነስ አር (DVD-R) የሚባለው ባዶ ዲስክ የተሻለ ዕድል አለው። ተሰርዞ የሚጻፈውን አርደብሊው ተዪው፤ ብርሃን የሚያንጸባርቀው በጣም ጥቂት ስለሆነ ያረጀ ሌንስ ይቸገርበታል።

የእማዬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የመጀመሪያውን ዲስክ አሁን ሠራሁ። የእናቴ ማጫወቻ ከፈተው! እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ውሃ ነው። መጨረሻ አካባቢ ግን እየቆመ ይቆራረጣል። ልክ ወንድሜ እናቴን አቅፎ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ። የጻፍኩት በ16 ፍጥነት ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የድሮ ዴክ

ዲቪዲ ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ነው የሚጻፈው። የፊልሙ መጨረሻ ያለው ከጠርዙ በኩል ነው። ዲስኩን ከመብራት ሥር አዘንብዪና ታቹን እዪው። የተጻፈበት ክፍል በቀለም ትንሽ ይለያል፤ እንደ ቀለበት ሆኖ የሚያበቃበት መስመር ይታያል። እዚያ አካባቢ የጣት አሻራ ካለ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጥረጊው፣ በክብ አይደለም።

ንጹሕ ከሆነ ፍጥነቱ ነው የምጠረጥረው። በ4 ወይም በ8 ጻፊው። ሲጨርስም ቬሪፋይ የሚለው ምልክት ይደረግበት፤ የተጻፈውን መልሶ ከዋናው ጋር ያመሳክርልሻል።

የእማዬ ልጅ

አሻራ አልነበረውም። በ4 ፍጥነት እንደገና ጻፍኩት፣ ቬሪፋዩንም አለፈ። እናቴ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ አየችው። ሁለተኛውን ክፍል ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳይምታታባት ስሙን ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ልጻፍበት?

መልስ፦ ቪዲዮ አርታኢ

በፍጹም በእስክሪብቶ አይሁን፤ ጫፉ ይጫነዋል። ለዲስክ የሚሆን ለስላሳ ጫፍ ያለው ማርከር ተጠቀሚ። ወረቀትም አትለጥፊበት፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያስታል። ዋናውን ፋይል ደግሞ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጪው፣ ከዲስኩ ውጪ።

የእማዬ ልጅ

እሺ፣ በማርከር "1 ሥነ ሥርዓቱ"፣ "2 ግብዣው" ብዬ በትልቁ እጽፍላታለሁ። መነጽር ሳታደርግ እንድታነበው።